የጥላ አጣጣል

ተይው ታሊያ፣ አትቸኩይ፤ ሸራሽን መጀመሪያ እጠፊው፤
ማታ ነፋስ የቀደደውን ጠዋት በንዴት አትስፊው።
ሌሊት ሰምቼሻለሁ፦ ሸራው እንደ ጅራፍ ሲጮህ፣
ባትሪሽ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ነፋሱን ስትሰድቢ።
ልወጣ ነበር፤ ጉልበቴ እምቢ አለ።
እንቺ ሻይ። ወተት የለውም።

ነፋሱን አትውቀሺው፤
በረዶ ላይ አድሮ፣ ባሕር ተሻግሮ፣
ቤት ሳያይ፣ ዛፍ ሳያይ፣ ሰው ሳያይ ኖሮ
መጀመሪያ ያገኘው በር ያንቺ ሸራ ነው፤
ምን ያድርግ? ያንኳኳል።
ጥላውም ወደ ደቡብ፣ ነፋሱም ከደቡብ፤
በዚህ ዳርቻ አንዱን ትተሽ አንዱን አታገኚም።

መሬቱም ያው ነው፤ ላዩ አሸዋ፣ ስንዝር ዝቅ ስትይ ድንጋይ።
የሱቅ ካስማ እዚህ ይጎብጣል፤ የኔን እይ፦
የድሮ የበግ አጥር ብረት፣ ክንድ ከስንዝር።
አናቱ ከሸራው እንዲሸሽ አዘንብለሽ ምቺው፤
ገመድ ጉተታ ላይ ተረከዙን እንደሚተክል ሰው።

ባሕር ዛፉ ስር? አይሆንም።
ግንዱ ወፍራም ነው ብለሽ አትመኚው፤
ሐሩር በበዛበት ቀን፣ ቅጠል ሳይነቃነቅ፣
ክንዱን ይጥላል፤ ያለ ማስጠንቀቂያ።
ያማረ ጥላ ሁሉ አይጠለሉበትም።

ይቺን ተጎታች አየሻት? ፖርት ፒሪ፣ ጓሮዬ ውስጥ ሠራኋት፣
ከማቅለጫው ጡረታ በወጣሁ በወሩ።
አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነቃባታል።
የመጀመሪያው በጋ ዝንቡ ከውጭ፣ ወበቁ ከውስጥ፤
ቤት ሠራሁ ብዬ ምድጃ ሠርቼ ኖሯል።
ግሌኒስ ላቧን እየጠረገች ወጣችና
«ሜርቭ፣ ቤት አልጎደለንም» አለች፣ «የጎደለን ደጅ ነው።»

ያረጀ የስንዴ መኪና ሸራ ገዛች፤
ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ዘርግታ፣ በጉልበቷ እየዳኸች፣
በጠመኔ አሰመረች፦ ሦስት ሜትር በሁለት ተኩል፣
ጠርዙ ሁለቴ ታጥፎ፣ ቀለበት በየክንዱ።
የስፌት መኪናው መርፌ ሦስት ጊዜ ተሰበረ፤
የቀረውን በእጇ ጨረሰችው።
ይቺ ማዕዘን ጠማማ ናት፤ ዝቅ ትላለች፤ አየሽ?
ያኔ እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤
እኔ በክሩ አሳበብኩ።
ዝናብ ሲመጣ ውሃው ሆዱ ላይ አይጠራቀምም፣
በዚያች በኩል ይወርዳል። አስባበት ነው አልልሽም።

ሁለት በጋ ተቀመጥንበት።
ከዚያ
ጥላ ጥላ፣
ጥላኝ ሄደች።

ገመዱን ያዢው። አትልቀቂ።
እንዲህ፦ አንዴ ዙሪያ፣ ሁለቴ ዙሪያ፣ ከዚያ በላዩ፤
ነፋስ ሲስበው ይጠብቃል፣ እጅ ሲገፋው ይንሸራተታል።
እንደ ከበሮ አትወጥሪው፣ ትንሽ ይተንፍስ፤
ምሽት ላይ ጤዛ ሲነካው እሱ ራሱ ይጠብቃል፣
ጠዋት ደግሞ ይለሰልሳል፤
በቀን ሁለቴ እየዞርሽ መዳሰስ ነው፣
ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ግንባር።

አንድ ነገር ደግሞ። ይሄን ማንም አይነግርሽም።
ከሰዓት በኋላ ጥላው ከሸራው ስር ሹልክ ይላል፤
ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መኪናሽ ጎማ።
ሰው ጥላ ጣልኩ ብሎ እዚያው ተቀምጦ ይቃጠላል፤
ሸራው ከላዩ አለ፣ ጥላው ጎረቤት ሄዷል።
መከተል ነው።
እኔ ወንበሬን አንስቼ እከተላለሁ፤
ከዚያ ተመልሼ ሰማያዊውን አመጣለሁ፣
ከጎኔ አስቀምጠዋለሁ።
አምና እዚያ ማዶ የሰፈሩት አይተው ሳቁ። ይሳቁ።
ባዶ ወንበርም ቢሆን ፀሐይ ላይ አይተውም፤
ጨርቁ ይነጣል።

ዛሬ ግን ሁለቴ አታመላልሺኝ፤
ሰማያዊውን አንቺ ያዢው።
ተቀመጪበት እንጂ! ወንበር ነው።
ቆይ፣ መጀመሪያ
መዶሻውን አቀብዪኝ።